ነርሷ ታድል፤ ደንቡም ይጻፍላት

«መድኃኒት ማደል የፋርማሲ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ነርስ ከዚህ እጇን ትሰብስብ።» በሙያ ስብሰባ፣ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ግምገማ፣ ለድጋፋዊ ክትትል የመጡ ባለሙያዎች ጤና ጣቢያ ሲጎበኙ ደጋግሞ የሚነሳ አቋም ነው። ከሚያነሱት ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው። እኔም ፋርማሲስት ስለሆንኩ ሐሳቡ ከየት እንደሚመነጭ አውቃለሁ። ለዓመታት ስለ መድኃኒት ብቻ የተማረ ሰው አለ፤ ሥራው ለእሱ ይተው ነው ነገሩ። ሕጎቻችንና መመሪያዎቻችንም በዚሁ መርህ ላይ የቆሙ ናቸው። እኔ ግን በመንግሥት ጤና ጣቢያ ለሚታከመው ሕዝብ ይህ አቋም ከሚጠብቀው ይልቅ የሚጎዳው ይበዛል እላለሁ። ነርሶች የተወሰኑ መድኃኒቶችን እንዲያድሉ በግልጽ ሊፈቀድላቸው፣ እንዴት እንደሚያድሉም በዝርዝር ሊደነገግላቸው ይገባል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንመን። ነርሶች ዛሬም መድኃኒት እያደሉ ነው። ጤና ጣቢያ ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነው፤ የመድኃኒት መስጫው መስኮት ግን በብዙ ቦታ ከመደበኛው የሥራ ሰዓት ጋር ይዘጋል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት እናት ትኩሳት ያለበትና ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ልጅ ታቅፋ መጣች እንበል። ተረኛዋ ነርስ ትንፋሹን በደቂቃ ቆጥራ የሳንባ ምች መሆኑን ትለያለች፤ አሞክሲሲሊን ታዝዛለች። ከዚህ በኋላ ያላት ምርጫ ሦስት ብቻ ነው። ማዘዣውን ጽፋ እናትየዋን ወደ ግል መድኃኒት ቤት መላክ፤ እሱ ደግሞ ወይ ተዘግቷል ወይ ከነጭራሹ በአካባቢው የለም። «ነገ ጠዋት ተመለሺ» ማለት፤ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ግን እስከ ጠዋት ላይቆይ ይችላል። ሦስተኛው፣ ከድንገተኛ ክፍሉ ቁም ሳጥን ያለውን አውጥታ መስጠት ነው። ኅሊና ያላት ነርስ ሦስተኛውን ትመርጣለች። እኔም በቦታዋ ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው።

ችግሩ መስጠቷ አይደለም። ክልከላው ስላለ ሥራው እንደሌለ ተቆጥሮ ይቀራል፤ የሌለ ሥራ ደግሞ ሥልጠና አይሰጠውም፣ መዝገብ አይከፈትለትም፣ ፖስታና መለያ ወረቀት አይገዛለትም። ነርሷ ስትሪፑን በመቀስ ትቆርጣለች፤ የመድኃኒቱ ስምና የሚያበቃበት ቀን ከተቆረጠው ወዲያ ይቀራል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «1×3» ትጽፋለች። ፊደል ያልቆጠረች እናት ቤቷ ስትደርስ ያንን ምልክት ማን ያነብላታል? አንድ በሦስት ማለት በቀን ሦስቴ አንድ አንድ ይሁን ወይስ ሦስት በአንዴ፣ ከምሽቱ ወሬ ያስታወሰችውን ያህል ብቻ ነው የምታውቀው። በማግስቱ ፋርማሲው ሲከፈት ማታ ምን እንደወጣ፣ ለማን እንደተሰጠ፣ በምን መጠን እንደተሰጠ የሚናገር ወረቀት የለም። ስህተት ቢኖርም ማንም አያየውም፤ የማይታይ ስህተት ደግሞ ነገም ይደገማል።

ባልደረቦቼ ለዚህ ቶሎ የሚሰጡት መልስ «ፋርማሲስት ይቀጠር» የሚል ነው። ይቀጠር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ ፍለጋ የሚንከራተቱ ፋርማሲስቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እያንዳንዳቸው በጤና ጣቢያ ቢመደቡ ደስታዬ ወሰን የለውም። ቁጥሩን ግን እንየው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት የሚሠራው 40 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ አንዲት መስኮት ያለማቋረጥ ክፍት እንድትሆን ከአራት በላይ ሰው ያስፈልጋል፤ ዓመት ፈቃድ፣ ወሊድ፣ ሕመምና ሥልጠና ሲታሰብ ከዚያም ይበልጣል። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በመመዘኛው ለ25,000 ያህል ሕዝብ የተተለመ ነው። በሌሊት የሚመጡትን ጥቂት ሕሙማን ለማስተናገድ አራትና አምስት የፋርማሲ ባለሙያ የሚመድብ ወረዳ በቅርቡ አናይም። አንድ ወይም ሁለት ባለሙያ በመደበኛው የሥራ ሰዓት ብቻ በሚሠራበት ጤና ጣቢያ ከሳምንቱ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ሰዓት ያለ ፋርማሲ ያልፋል። ክልከላው የሚናገረው ስለ አንደኛው ሩብ ነው፤ ስለ ሦስቱ ሩብ ዝም ይላል።

ከዚህም የባሰ የሚያስገርመኝ ክልከላው ነርሷን የሚያምንበትና የማያምንበት ቦታ ነው። በጤና ጣቢያ ሕመምተኛን የምትመረምረውና መድኃኒት የምታዝዘው ብዙ ጊዜ ነርሷ ናት። ሌሊት ሴፍትሪያክሰን በደም ሥር ትሰጣለች። ለወላድ ኦክሲቶሲን ትወጋለች፤ እናቲቱ በደም ግፊት ስትንዘፈዘፍ ማግኒዚየም ሰልፌት ትሰጣለች። ከእነዚህ መካከል መጠናቸው ከተዛባ ሰው ሊገድሉ የሚችሉ መድኃኒቶች አሉ። ይህን ሁሉ እንድታደርግ የተፈቀደላት ሴት አሥር ፍሬ ፓራሲታሞል በፖስታ አድርጋ ለእናት ስታስረክብ ከሙያዋ ወሰን ወጣች ትባላለች።

በእርግጥ ሁለቱ ሥራዎች አንድ አይደሉም፤ ይህን የሚሉኝ ሰዎች ልክ ናቸው። መርፌ አንድ ጊዜ ነው፤ የሚሰጠውም ባለሙያው ፊት ነው። የታደለ እንክብል ግን ቤት ይገባል፤ ለቀናት ከባለሙያ ዓይን ይርቃል። ሕመምተኛው ሲሻለው ያቆመዋል፣ ለጎረቤት ያካፍለዋል፣ ልጅ ያገኘዋል። ሜትሮኒዳዞል የያዘ ሰው ሰንበቴ ላይ ጠላ ይቀርብለታል፤ ለደም ማነስ የብረት እንክብል የተሰጣት ነፍሰ ጡር እንክብሉን ከቡናዋ ጋር ትውጠዋለች፤ ቡናው ደግሞ ብረቱ ወደ ሰውነቷ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። የእደላ ሙያ ትልቁ ክፍል ቆጠራው ሳይሆን ይህን ማስረዳቱ ነው። ይሁንና ይህ ክርክር ነርሷን ለመከልከል አያበቃም። እንዲያውም ማስተማር ያለብን ምን እንደሆነ ይነግረናል። የጠላውንና የቡናውን ነገር ለነርስ ማስተማር ከባድ አይደለም፤ የመንደሩን ኑሮ ከእኔ በተሻለ የምታውቀውም እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህችው አገር፣ በመንግሥት ፈቃድ፣ መድኃኒት በፋርማሲ ባለሙያ እጅ ብቻ ይታደል የሚለውን መርህ በተግባር ከብዙ ዓመት በፊት ትታዋለች፤ በመተዋም ብዙ ሕይወት ተርፏል። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ጤና ኬላ ላይ ተመደቡ። መጀመሪያ የተላኩት በሽታን ለመከላከል ነበር። ከዚያ የወባ መድኃኒት ኮአርተም ተጨመረላቸው፤ በ2002 ዓ.ም ገደማ ደግሞ የሕፃናትን ሳንባ ምች በአንቲባዮቲክ እንዲያክሙ ተወሰነ። ያኔም ብዙ ባለሙያ «አንቲባዮቲክ በጤና ኤክስቴንሽን እጅ?» ብሎ ነበር የተነሳው። ዛሬ ከጤና ኬላ አሞክሲሲሊን ይውጣ ብሎ የሚከራከር ሰው አላገኘሁም። ኦአርኤስና ዚንክ ከእነሱ እጅ ይወጣል፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የዚንኩን ግማሽ፣ ከዚያ በላይ ላለው ሙሉውን፣ ለ10 ቀን ስጪ ብለው እናትን የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው።

የቲቢ ክፍልም እንዲሁ ነው። ስድስት ወር የሚወሰደውን መድኃኒት የሚሰጠው፣ ሲዋጥ የሚያየው፣ የቀረውን ሕመምተኛ የሚፈልገው ነርስ ነው። በብዙ ቦታ የስድስት ወሩ መድኃኒት የሕመምተኛው ስም በተጻፈበት አንድ ሣጥን ተለይቶ ይቀመጣል። የወሊድ መከላከያ እንክብልም ከእናቶች ክፍል ከአዋላጇ እጅ ይወጣል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የኦንኮሰርኪያሲስና የትራኮማ ዘመቻ ነው። በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ወረዳዎች የኦንኮሰርኪያሲስን መድኃኒት አይቨርሜክቲንን የሚያድሉት ነርሶች እንኳ አይደሉም፤ ማኅበረሰቡ የመረጣቸው ገበሬዎችና የመንደር ሴቶች ናቸው። የሚይዙት ሚዛን የለም፤ ምልክት የተደረገበት ዘንግ ነው። ሰውዬው ከዘንጉ ጎን ይቆማል፤ ቁመቱ የደረሰበት ምልክት ስንት ፍሬ እንደሚሰጠው ይናገራል። ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን አይሰጠውም። ነፍሰ ጡር አይሰጣትም፤ በወለደች በመጀመሪያው ሳምንት ያለች እናትም አይሰጣትም፤ በጠና የታመመም ይታለፋል። ሁሉም በቤተሰብ መዝገብ ይሰፍራል። በአማራ ክልልም ትራኮማን ለማጥፋት ለሚሊዮኖች አዚትሮማይሲን በተመሳሳይ ዘንግ ታድሏል። ይህን የቀረጹት ሰዎች ያሰቡት አንድ ነገር ነው፤ አደጋው የት እንዳለ መርምረው ጥንቃቄውን በዘንጉ፣ በዝርዝሩና በመዝገቡ ውስጥ አስቀመጡት። አዳዩ ሰው የሚያስፈልገው እነዚያን በትክክል መከተል ነው። ከኮአርተም ማሸጊያ ላይም ያው ሐሳብ ይታያል፤ እንደ ክብደቱ ተለይቶ የታሸገ ነው፣ ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ የሚወሰደው በሥዕል ተመልክቷል።

እንግዲህ አንድ ገበሬ በዘንግ እየለካ አይቨርሜክቲን እንዲያድል ሠልጥኖ ከታመነ፣ ለሦስትና አራት ዓመት የሠለጠነች ነርስ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ ለእሷ በተዘጋጀ ደንብ፣ ለምን አትታመንም? ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ሐሳቡም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ2000 ዓ.ም የዓለም የጤና ድርጅት ሥራን ከሐኪም ወደ ነርስ፣ ከነርስም ወደ ማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ስለማሸጋገር የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ያደረገው አዲስ አበባ ነው፤ መግለጫውም በከተማችን ስም ይጠራል። የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወርድ የቻለውም ነርሶች ሕክምናውን እንዲጀምሩና እንዲከታተሉ ስለተፈቀደላቸው ነው።

ከተቃዋሚዎቹ ክርክሮች እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነው፤ የሁለት ዓይን ነገር። ሐኪሙ ይጽፋል፤ ፋርማሲስቱ ያያል። መጠኑ ከልክ አልፎ እንደሆነ፣ ሁለት መድኃኒቶች እንደሚጣሉ፣ ሕመምተኛው ለፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለበት የሚይዘው ሁለተኛው ዓይን ነው። ያዘዘው ሰው ራሱ ሲያድል ይህ ይጠፋል። እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ከጉዳት ያዳነ ሥርዓት ነው፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። ነገር ግን ዛሬ ሌሊት ያ ሁለተኛ ዓይን የት ነው? ቤቱ ተኝቷል። ቀን ቀንም ቢሆን ወረፋው ግቢውን ሞልቶ እያለ በመስኮቱ የሚያልፈው ሕመምተኛ ከአንድ ደቂቃ የዘለለ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ አያገኝም፤ ይህን በመስኮቱ በኩል የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። የእኔ ሐሳብ ሁለተኛውን ዓይን ከመስኮቱ አንስቶ ከእደላው በፊትና በኋላ ማስቀመጥ ነው። ፋርማሲስቱ ከእደላው በፊት ምን እንደሚሰጥና እንደማይሰጥ ይወስናል፤ ፖስታውን በእጁ አሽጎ፣ በእጁ ጽፎ ያዘጋጃል። በቀጣዩ የሥራ ቀን ጠዋት ደግሞ ሌሊት የወጣውን መዝገብ ከማዘዣው ጋር ያስተያያል፤ ስህተት ካገኘ ከሰዓት ሳይደርስ ለሕመምተኛው እንዲደወል ያደርጋል። ይህ ዛሬ ከምንሠራው የጠበቀ ቁጥጥር ነው።

ተሕዋስያን መድኃኒቱን መላመዳቸውም ይነሳል፤ «ነርሶች ሲፈቀድላቸው አንቲባዮቲክ እንደ ከረሜላ ይበተናል» ይባላል። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ በገንዘብ የሚገዛበት አገር ላይ ነው ያለነው፤ ይህን ስጋት የሚያነሳ ሁሉ ያውቃል። ከግል ሱቅ ግማሽ ስትሪፕ ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ የሚያቆም ሰው ነው የመላመዱ አንዱ ምንጭ። ከጤና ጣቢያ ሌሊት ተመርምሮ፣ ሙሉ ኮርሱ በታሸገ ፖስታ ተሰጥቶት፣ ስሙ ተመዝግቦ የሚሄድ ሰው መላመዱን የዚያን ያህል አያባብስም። ባዶ እጁን የተመለሰው ነው ከተዘጋው መስኮት ወደ ሱቁ የሚሄደው።

ንብረት ይጠፋል የሚሉም አሉ። ለዚህ ብዙ ቃል አላባክንም። ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተነስቶ በአገሪቱ የተስፋፋው ለኦዲት የሚመች የመድኃኒት ግብይት አሠራር እያንዳንዱ እንክብል ከገቢ እስከ ወጪ ሊቆጠር እንደሚችል አሳይቶናል። ቁጥሩ የታወቀ የታሸገ ፖስታ ከተከፈተ ጣሳ ይልቅ ለመቁጠር ይቀላል።

ደንቡ ምን ይበል? ዝርዝሩ አጭር ይሁን። ለድንገተኛና ለተለመደ ሕመም የሚያስፈልጉ፣ አጠቃቀማቸው ግልጽ የሆኑ መድኃኒቶች ብቻ ይግቡበት። ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች አይግቡ። ዋርፋሪን አይግባ። በሳምንት አንዴ ሊወሰድ ታዝዞ በየቀኑ ሲወሰድ ሰው የሚገድለው ሜቶትሬክሴት አይግባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን የሚጀምር ሕመምተኛም በነርስ እደላ አይስተናገድ። ኮርሱ አጭር የሆነ መድኃኒት ሙሉ ኮርሱ ይሰጥ፤ የዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚወስድና ያለቀበት ሰው ግን እስከሚቀጥለው የፋርማሲ ሰዓት የሚያደርሰውን ያህል ብቻ ይውሰድ። ፖስታው ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ፤ ጽሑፉ በአካባቢው ቋንቋ፣ ሰዓቱም በፀሐይና በጨረቃ ሥዕል ይሁን። «1×3» የሚባል ነገር ይቅር። ነርሷ ከመስጠቷ በፊት ስለ እርግዝና፣ ስለ አለርጂና ሌላ የሚወሰድ መድኃኒት መኖሩን ትጠይቅ፤ ከሰጠች በኋላ ሕመምተኛው እንዴት እንደሚወስድ በራሱ አፍ እንዲመልስላት ታድርግ። ይህ መልሶ ማስነገር ከሁሉም በላይ የማምንበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው የሚመልሰው እኛ ከነገርነው የተለየ ነው። ያልሠለጠነች ነርስ አታድል። የሠለጠነችውም ሥራውን ለጽዳት ሠራተኛ ወይም ለተለማማጅ አታስተላልፍ።

ይህ ከባዶ የሚፈጠር ነገር አይደለም። በእንግሊዝ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነርሶች ለእያንዳንዱ ሰው ማዘዣ ሳይጻፍ የተወሰነ መድኃኒት እንዲሰጡ የሚፈቅድ የጽሑፍ መመሪያ በሕግ አለ፤ መመሪያው የሚጸናው ሐኪምና ፋርማሲስት ሲፈርሙበት ነው። በደቡብ አፍሪካ ሕግም ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደች ነርስ የእደላ ፈቃድ ማውጣት ትችላለች። በሁለቱም አገር ፋርማሲስቱ ከሥራው አልወጣም። ባልደረቦቼ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፤ ዝርዝሩን የሚያዘጋጅ፣ ፖስታውን የሚያሽግ፣ ነርሷን የሚያሠለጥን፣ መዝገቡን የሚመረምር ሰው የግድ ስለሚያስፈልግ ይህ ደንብ ሥራ ለሌለው ፋርማሲስት የሥራ መደብ የሚከፍት ነው። አንድ ፋርማሲስት ሦስት አራት ጤና ጣቢያዎችን እየዞረ ሊቆጣጠር ይችላል። ሙያችን ከመስኮቱ ጀርባ ፍሬ ከመቁጠር የሰፋ ነው ስንል ኖረናል፤ ይህን የምናሳይበት ቦታ ይኸው።

የነርሶቹም ቅሬታ አለ፤ እሱ ከሁሉም የበለጠ ፍትሐዊ ነው። «ሥራ ይጨመርብናል፣ ደመወዝ አይጨመርም፤ ችግር ሲመጣ ተጠያቂ እንሆናለን» ይላሉ። ዛሬ ያሉበት ሁኔታ ይኸው ነው፤ ሥራውን ይሠራሉ፣ ክፍያ የለውም፣ ከለላም የለውም። አንድ ሕፃን በተሳሳተ መጠን ቢጎዳ «ከሙያዋ ወሰን ወጥታ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ያስፈርድባታል፤ ሌሊቱን ማንም ፋርማሲስት አለመመደቡን የሚጠይቅ አይኖርም። ስለዚህ ደንቡ የሁለቱን ወገን ግዴታ ይጻፍ። ነርሷ ሠልጥና፣ ከዝርዝሩ ሳትወጣ፣ መዝግባ ከሰጠች ኃላፊነቱ የተቋሙ ይሁን። እደላው የተረኝነት ሥራ አካል ሆኖ በተረኝነት ክፍያ ይታሰብ። ስህተት ሲፈጠር የሚሞላው ቅጽ ወደ ፋርማሲስቱ ይሂድ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚገባበት ነርሷ ሆን ብላ ከዝርዝሩ ስትወጣ ወይም መዝገቡን ስትደብቅ ብቻ ነው። ስህተቷን በተናገረች ቁጥር የምትቀጣ ነርስ ሁለተኛ አትናገርም፤ እኛም ምን እየተሳሳትን እንደሆነ አናውቅም።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። ኦአርኤስና ዚንክ፣ የሕፃናት አሞክሲሲሊን፣ ኮአርተም፣ ፓራሲታሞል፣ የዓይን ቅባት ቴትራሳይክሊን፤ እነዚህ በዕድሜና በክብደት ተለይተው በታሸጉ ፖስታዎች በአንድ የሚቆለፍ ቁም ሳጥን ይቀመጡ፤ ከጎናቸው አንድ መዝገብ ይኑር። ቁልፉ ከተረኛ ወደ ተረኛ በፊርማ ይተላለፍ። አርብ ከሰዓት ፋርማሲው ከመዘጋቱ በፊት የፋርማሲ ባለሙያው ፖስታዎቹን ቆጥሮ ያሟላ፤ ሰኞ ጠዋት ሌላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መዝገቡን ከማዘዣዎቹ ጋር ያመሳክር። የእኛ ማኅበርና የነርሶች ማኅበር ይህን ረቂቅ አንድ ላይ ተቀምጠው ጽፈው ለጤና ሚኒስቴርና ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያቅርቡ፤ ጥቂት ፈቃደኛ ወረዳዎችም ይሞክሩት።